ጠባሳው የታለ?

እስካለፈው ጳጉሜ ድረስ የምይዛት ስልክ ባለ ቁልፍ ነበረች። አናቷ ላይ ባትሪ ያላት፣ መብራት ሲጠፋ ደረጃውን የምታሳየኝ፣ አንዴ ቻርጅ ካደረግኳት አራት አምስት ቀን የምትከርም የዋህ ስልክ። ወዳጆቼ «ይቺንማ ለሙዚየም አስረክባት» እያሉ ሲስቁብኝ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መሳቄ ግን ከትህትና አልነበረም። ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አዲስ ዕቃ አለመያዙን እንደ ፍልስፍና ይቆጥረዋል። ውስጤን ብትፈትሹት «እኔ ከእናንተ እሻላለሁ» የምትል ትዕቢት ታገኙ ነበር።

ትዕቢቴን የሰበረው የእህቴ ልጅ ነው። ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። «ጋሼ፣ ድምፅህን ብቻ መስማት ሰለቸኝ፤ ፊትህን ልየው እንጂ!» አለና ገበያ ላይ ከዋለ ወር ያልሞላው ስልክ በሰው እጅ ላከልኝ። የስልኩን ስም አልጠራም። ላሞግሰው ብል ማስታወቂያ፣ ልወቅሰው ብል ሐሜት ይሆንብኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት የጫጉላ ሳምንት ነበር። ፊቴን አይቶ ይከፈታል። ማለዳ ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ ሳቀርብለት ግን አንዳንዴ ያመነታል፤ «ሰውየው አንተ ነህ?» የሚል ይመስላል። ባለቤቴ «እሱስ እውነቱን ነው» አለች። አማርኛም ያውቃል። ገና «እንኳን» ብዬ ስጀምር «አደረሳችሁ» ብሎ ያቀርብልኛል። «ነፍስ» ስል «ይማር» ይላል። የአገሬን ሰው የደብዳቤ ልውውጥ ጠቅላላ ይዘት በሁለት ቃል ጨርሶታል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ስልኩን መጀመሪያ የከፈትኩት ዕለት አንድ ረጅም ጽሑፍ አምጥቶ «ተስማምተሃል?» ብሎኝ ነበር። ተማሪዎቼን «አንዲት መስመር ሳታነቡ እንዳታልፉ» እያልኩ ስጨቀጭቅ የኖርኩ ሰው አንዲትም መስመር ሳላነብ «ተስማምቻለሁ» የምትለውን ነካሁ። ሳልጠይቅ የሚደረጉልኝ ነገሮች እንዳሉ ያወቅኩት ሆመቾ ስደርስ ነው።

ሆመቾ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ከሆሳዕና ወጣ ብላ፣ በሐዲያ ዞን የጊቤ ወረዳ መቀመጫ። መስቀል ሲደርስ፣ ለእኛ ለሐዲያዎች ደግሞ ያሆዴ ሲደርስ፣ የትም የተበተነ የአገሩ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንሰቱ ይፋቃል፣ ቡላው ይዘጋጃል፣ አተካናው በቅቤ ይንቆረቆራል። እኔም አዲሱን ስልኬን በደረት ኪሴ ይዤ ገባሁ። በደረት ኪስ መያዙ ለምን እንዳስፈለገ ለብልህ አይነገርም።

የመጀመሪያዋ ተነሺ አክስቴ ሆነች። ቤቷ ውስጥ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች። ጭሱ፣ ጨለማው፣ የፊቷ ጥቁረት... እኔ ዱሮ በማውቀው ካሜራ ቢሆን ከዚህ ቤት የሚወጣው ጥርስና ነጠላ ብቻ ነበር። አዲሱ ስልክ ግን ፊቷን ከጨለማው አውጥቶ አመጣት። እዚህ ላይ ለማሽኑ የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። በባለ ቀለም ፊልም ዘመን፣ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ፊልሙም ማጠቢያውም በእሷ ቆዳ ተለክቶ ሲሠራ ጥቁር ፊት ወደ ጥላነት ይለወጥ ነበር። ነገሩ እንዲሻሻል የገፋውም የጥቁሮች አቤቱታ ሳይሆን፣ የዕቃቸው ቀለም በፎቶ አልለይ ያላቸው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ እንደነበር ይነገራል። እንግዲህ ዛሬ የአንዲት የሆመቾ አሮጊት ፊት በጭስ መሐል ጥርት ብሎ መታየቱ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፎቶውን ለአክስቴ አሳየኋት። ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች አየችው።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«አንቺ ነሽ እንጂ!»

«እኔ? ሽብሽቤ የታለ? ሰማንያ ዓመት የለፋሁበት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የወንድሜ ልጅ ስልኩን ተቀብሎኝ ሲያገላብጠው፣ ፊት የሚያለሰልስ ነገር እንዳለውና ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ በርቶ እንደነበር አገኘ። እኔ አላበራሁትም። «ተስማምተሃል?» ሲለኝ ግን ተስማምቻለሁ። ያን ዕለት ይህ የሳቅ ጉዳይ ብቻ ነበር።

በማግስቱ የአክስቴ ጎረቤት መጣች። ሰፈሩ የሚጠራት በልጇ ስም ነው፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውምና «የእገሌ እናት» እንበላት። ልጇ ከቤት ከወጣ አምስት ዓመት አለፈው። የወጣበትን መንገድ ከሐዲያና ከከምባታ ለሆነ አንባቢ መግለጽ አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን በአጭሩ ልንገር። ከሃያ ዓመት በላይ የእኛ አካባቢ ወጣት በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን እያቆራረጠ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ይሄዳል። የገባው ሱቅ ይከፍታል፣ ለእናቱ የቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ለአጎቱ ስልክ ይልካል። ያልገባው... እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባለው ክፍለ አገር፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ሲከፈት 64 አስከሬን ተገኘ። በጥቅምት 2022 ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ ከ25 በላይ ሰዎች የተቀበሩበት የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ ዳርቻ፣ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በሦስቱም ቦታ የሞቱት ኢትዮጵያውያን ናቸው ወይም ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ተነገረ። እንዲህ ዓይነት ዜና በመጣ ቁጥር ሆመቾ፣ ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ ውስጥ ስንት ቤት ትንፋሹን እንደሚውጥ እናንተው ገምቱት።

የእገሌ እናት ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ማላዊ ደርሻለሁ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። ድንኳን አልተጣለም።

ከመቀነቷ ፈታ ያወጣችው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊወስድ ሲል የተነሳው ጉርድ ፎቶ ነበር። እርጥበት በልቶታል። ጠርዙ ተልጧል፣ ፊቱ ደብዝዟል፣ ግንባሩ አካባቢ የተጫጫረ ነገር አለው።

«ወንድሜ፣ ያንተ ስልክ የማያደርገው የለም አሉ። ልጄን አጥራልኝ» አለችኝ።

አጥራልኝ ነው ያለችኝ። ስልኩም ይህን ሥራ «አጥራ» እንደሚል ልብ አላለችም። እኔም ትናንት በሳቅ የተማርኩትን ረስቼ፣ የደረት ኪስ ኩራቴ ቀድሞኝ፣ ጉርድ ፎቶውን አነሳሁና «አጥራ» የምትለውን ነካሁ። አንድ ቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች ሄደ። ከዚያ ብቅ አለ። ሕፃናቱ «ውይ!» አሉ። ደብዛዛው ልጅ የጠራ ዓይን፣ አንድ ባንድ የሚቆጠር ሽፋሽፍት፣ የሚያበራ ግንባር ይዞ አየን። ትላንትና ስቱዲዮ ገብቶ የተነሳ ነው የሚመስለው።

እናትየው ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ በአመልካች ጣቷ የግራ ቅንድቡን ዳበሰች፤ ዳበሳዋ ፎቶውን አንሸራተተውና ልጁ ከመስታወቱ ወጥቶ የአክስቴ ፎቶ መጣ። ደነገጠች። መለስኩላት። እንደገና ዳበሰችው።

«ጠባሳው የታለ?» አለች።

ለካ እኔ ጭረት ነው ያልኩት ጠባሳ ኖሯል። ሰባት ዓመቱ ላይ ጥጃ ሲያግድ ወድቆ ድንጋይ የገመሰው፣ ከቅንድቡ ወደ ላይ የሚሄድ ጠባሳ። ማሽኑም እንደ እኔ የወረቀት ጭረት መስሎት ጠረገው። ቀጥላ የተናገረችውን ነው እስከዛሬ የማልረሳው።

«ካገር ቤት ውጭ አስከሬን ተገኘ ሲሉ ሁልጊዜ የማስበው በእሱ እለየዋለሁ ብዬ ነው።»

ለዓመታት ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት አንድ ታሪክ አለ። በሆሜር ድርሰት ውስጥ ኦዲሴዎስ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ አላወቀችውም። ያሳደገችው አሮጊት ሞግዚት ግን እግሩን ስታጥብ ጭኑ ላይ ያለውን የከርከሮ ጠባሳ በእጇ ነካችና አወቀችው። ስለዚያ ጠባሳ ለተማሪዎቼ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ! ስለ ትረካ ስልት፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ገለጻ... የአንዲት የሆመቾ እናት ጣት የነገረኝን ያህል ግን ተናግሬ አላውቅም። ሰውን ሰው የሚያደርገው ከሌላው ጋር የሚያመሳስለው የጠራ ግንባሩ አይደለም። ጥጃ ሲያግድ የወደቀባት ያቺ አንዲት ቀን ናት። ማሽኑ ያጠፋው ልክ እሷን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ያን ፎቶ ያሳየኋት ዕለት ዋሽቻለሁ? ወይስ የዋሸው ስልኩ ነው?

አንዳንዱ አንባቢ «ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው? ዱሮም ፎቶ ቤት ያሳምር ነበር» ይለኛል። እውነት ነው። እኛም በልጅነታችን ሆሳዕና ፎቶ ቤት ገብተን፣ በሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴና አበባ ተደግፈን ተነስተናል። ከተነሳን በኋላም ባለሙያው በቀጭን ብሩሽ ብጉራችንን አጥፍቶልናል። ነገር ግን ሸራው ሸራ መሆኑን የሚያየው ሁሉ ያውቃል። ብጉሩም የጠፋው ባለቤቱ ጠይቆ፣ ከፍሎ፣ ሠሪውንም በስሙ አውቆት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ደጉን በሙሉ ፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን ሲስሉ አንድም ምዕመን «ይሁዳ አንድ ዓይና ነበር» ብሎ አልተሳሳተም። ሥዕል «እንዲህ ነው የምለው» ይላል። ፎቶ ግን «እንዲህ ነበር» እያለ ነው ያደግነው። ፍርድ ቤት ምስክር ሆኖ የሚቀርበው፣ ለቅሶ ላይ አስከሬን ሲጠፋ የሚለቀስበት ለዚህ ነው። አዲሱ ስልክ የምስክሩን ልብስ የለበሰ ሠዓሊ ሆነብኝ።

ሌላው ደግሞ «መገመት ምን ይጎዳል?» ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል በሳምሰንግ ስልክ ቢያነሳው፣ ስልኩ ደብዛዛው ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶችን ጨምሮ ጥርት ያለች ጨረቃ አወጣለት። ብዙ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ኩባንያውም ጨረቃን ሲለይ ዝርዝሯን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ አስረዳ። እኔ በጨረቃዋ አልጣላም። ጨረቃ አንድ ናት፤ ሁልጊዜም የምታሳየን ያንኑ ፊቷን ነው። ሚሊዮን ፎቶዋን ያየ ማሽን ስለ እሷ ቢገምት ብዙ አይስትም። የእገሌ እናት ልጅ ግን ከዚያ ጉርድ ፎቶ ሌላ ፎቶ የለውም። ማሽኑ ስለ እሱ ያላወቀውን የሞላው ከሌሎች ሰዎች ፊት ተበድሮ ነው። የማያውቀውን ልጅ በሚያውቃቸው ልጆች ተካው።

ታዲያ ዋሸ? አይመስለኝም። አውግስጢኖስ ስለ ውሸት ሲጽፍ ውሸታም ሁለት ልብ አለው ይላል፤ አንዱ እውነቱን ያውቃል፣ ሌላው ለሰው የሚያቀርበውን ያዘጋጃል። ስልኩ አንድም ልብ የለውም። ጠባሳ መሆኑን አውቆ ጭረት ነው አላለም። ስለዚህ ሊዋሽ አይችልም። ሊገምት ብቻ ነው የሚችለው።

ቋንቋችን ለዚህ ብልህ ነው። ሽማግሌ ተረት ሲጀምር «ነበር አሉ» ይላል። ያልታየውን በ«አሉ»፣ ያልተረጋገጠውን በ«ይመስለኛል»፣ የታየውን «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ይለያል። ከሦስቱ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው ችሎት ፊት ይቀጣል። የስልኩ ጉድለት «አሉ» የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። «ይመስለኛል» የሚለውን ሁሉ «አይቻለሁ» በሚል ድምፅ ነው የሚናገረው። ያቺን የጎደለች «አሉ» መጨመር የነበረበት ስልኩን የያዘው ሰው ነው። እሱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከአክስቴ ሽብሽብ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሕፃናቱ «ውይ!» ሲሉ ግን ዝም አልኩ። ሁለት ልብ የነበረኝ እኔ ነኝ።

«ባትነግራትስ ኖሮ? ብትጽናናበትስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። እኛ እውነትን በየሰዓቱ የምንወረውር ሕዝብ አይደለንም። መርዶ እንደብቃለን። ሰው ወር ሙሉ «አሞታል» እየተባለ ይቆይና ንጋት ላይ ሽማግሌ ተልኮ ይነገረዋል። ካንት ይህን ቢሰማ ያዝንብን ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ በር ላይ ቆሞ ቢጠይቅህ እንኳ አትዋሽ ያለ ሰው ነው። እኔ ግን በመርዶ ልማዳችን አላፍርበትም። ምክንያቱም መርዶ የሚደበቀው ሊነገር ነው። የሚራዘመው ጊዜው እንጂ እውነቱ አይለወጥም። ሟቹንም በሌላ ሰው አንተካውም። የእገሌ እናት በዚያ በጠራ ፊት ብትጽናና ኖሮ የምትጽናናው በልጇ አልነበረም። ከዓመታት በኋላም ዓይኗ ያን ፎቶ ለምዶ፣ ጣቷ ቅንድቡን መዳበስ ትቶ፣ ጠባሳውን ራሷ ትረሳው ነበር። እናትን ከልጇ ጠባሳ የሚያለያይ ማጽናኛ ምን ዓይነት ማጽናኛ ነው?

ስለዚህ ነገርኳት። «ይሄ የስልኩ ግምት ነው፤ ዓይኑንም ሽፋሽፍቱንም እሱ ነው የሞላው» አልኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ስልኩን መለሰችልኝና ጉርድ ፎቶዋን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረች። «ዓይኑስ ያምራል» ብቻ አለች።

ከመመለሴ በፊት ለምኛት፣ ጉርድ ፎቶውን ምንም ሳላስነካ እንዳለ አነሳሁትና ሆሳዕና አንድ ፎቶ ቤት አሳተምኩት። ወጣቱ ባለሙያ ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶ አየውና «ጋሼ፣ ይቺን ጭረት ላንሳልዎት? ሂሳብ አልጨምርም» አለኝ። «ተዋት፣ ጭረት አይደለችም» አልኩት። ሁለት ቅጂ አውጥቶ በፖስታ አደረገልኝ፤ ለአክስቴ ልጅ ሰጥቼ ላክሁላት።

የስልክን ታሪክ የጻፉ ሰዎች፣ ራስ መኮንን ከጣሊያን ያመጡት ስልክ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሞከር ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ደነገጡ ይላሉ። ክፍል ውስጥ ይህን ስናነሳ እንስቅ ነበር። ካህናቱን ያስደነገጠው አካል የሌለው ድምፅ ነው። አሁን ብስቅ አፍራለሁ፤ እኔ ስልክ ውስጥ ደግሞ አካል የሌለው ፊት አለ። ያ የጠራ ልጅ። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ራሱ «የመስቀል ትዝታዎችህ» ብሎ ፎቶዎቼን በሙዚቃ አቀናብሮ ሲያቀርብልኝ፣ ከአክስቴና ከአተካናው መሐል እሱንም አስገብቶት አየሁ። ላጠፋው ጣቴን አነሳሁ። አላጠፋሁትም። የትም ያልተወለደ ልጅ መሆኑን እያወቅኩ፣ ከዚያ ቤት ሁለተኛ ልጅ እንዳይጠፋ የፈራሁ ያህል ከበደኝ።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለ። እሱም በዚያው መንገድ ነው የሄደው፤ ስልኬም በዚያው መንገድ ከደረሰ ሰው እጅ የመጣ ነው። ሱቁን ዘግቶ ሒሳብ እያስተካከለ ነበር። ፊቱ ያበራል፣ አንዲት ነጥብ የለበትም። «እስቲ ወደ መብራቱ ቀረብ በል» አልኩት።

«ምን ልትፈልግ ነው ጋሼ?» ብሎ ሳቀ።

ሕፃን ሳለ አገጩን ፍም አቃጥሎት ነበር፤ እሱን ነበር የምፈልገው። ቀረብ ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳላየው ቀረሁ።